የሸርጣን ልብ ማንን ይሰማል? ስለ ባሕር እንስሳት ልብና ስለሚያዙት ኬሚካሎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልብ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን የሰው ልብ ነው። እዚህ የምናወራው ግን ስለ ሸርጣን፣ ሎብስተር (ጅራቱ የረዘመ የሸርጣን ዘመድ)፣ ክላም (በሁለት ዛጎል መሃል የሚኖር)፣ ኦክቶፐስ (ስምንት እጅ ያለው) እና መሰሎቻቸው ነው፤ የጀርባ አጥንት ስለሌላቸው የባሕር እንስሳት። የእነሱም ልብ አንዳንዴ ይፈጥናል፣ አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ቆም ይላል። ይህን የሚያደርጉት በአብዛኛው ጥቃቅን ኬሚካሎች ናቸው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቆይ፣ ሸርጣን ልብ አለው እንዴ?

አለው እንጂ። ከጀርባው ጠንካራ ሽፋን ሥር የተቀመጠ፣ አንድ ክፍል ብቻ ያለው ጡንቻማ ከረጢት ነው። ደም በሞላበት ክፍተት ውስጥ በሚለጠጡ ጅማቶች ተንጠልጥሎ ይኖራል። ሲኮማተር ደሙን ወደ አርተሪዎች ይገፋል፣ በዚያው ጅማቶቹ ይወጠራሉ። ጡንቻው ላላ ሲል ደግሞ የተወጠሩት ጅማቶች ልቡን ወደ ውጭ ይስቡታል፤ በግድግዳው ላይ ባሉት ቀዳዳዎች በኩል ደም ይገባል። የእኛ ልብ ደም የሚቀበለው ከደም ሥር በቀጥታ ነው። የሸርጣን ልብ ግን በዙሪያው ካለው የደም ኩሬ ነው የሚጠጣው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ታስፈልገናለች።

ክላም ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። ሁለት ደም ተቀባይ ክፍሎችና አንድ ገፊ ክፍል አሉት፤ በብዙዎቹ ዓይነቶች አንጀቱ በገፊው ክፍል መሃል ሰንጥቆ ያልፋል። አዎ፣ በልቡ መሃል። ኦክቶፐስ ደግሞ ሦስት ልብ አለው፣ ወደ እሱ እንመጣለን።

ኬሚካዊ መልእክተኛ ማለት ሆርሞን ማለት ነው?

ሆርሞን አንዱ ዓይነት ነው፣ ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። አንድ የነርቭ ሕዋስ አጠገቡ ላለው ሕዋስ በጣም አጭር በሆነ ርቀት የሚያቀብለው ኬሚካል አለ፤ እሱ ኒውሮትራንስሚተር ይባላል። በደም ተጭኖ ርቆ የሚሄድ ሌላ አለ፤ ሆርሞን የምንለው እሱን ነው። በባሕር እንስሳት ዘንድ ደግሞ ያው አንዱ ሞለኪውል ሁለቱንም ሥራ ደርቦ ሲሠራ ይታያል። ዶፓሚን በሸርጣን ውስጥ ከነርቭ ጫፍም ይለቀቃል፣ በደምም ይዘዋወራል።

በቁመናቸው ካየናቸው የተለያዩ ናቸው። እንደ ሴሮቶኒን፣ ዶፓሚንና ኦክቶፓሚን ያሉ ትናንሽ አሚኖች አሉ። አሚኖ አሲድ የሆኑት ጋባና ግሉታሜት አሉ። ከጥቂት አሚኖ አሲዶች የተገጣጠሙ ፔፕታይዶች አሉ፣ በብዛት የሚበልጡትም እነሱ ናቸው። እንዲያውም ጋዝ አለ፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፣ ምክንያቱም ከሚመጡት ጥያቄዎች ግማሹ ከዚህ ስሕተት ይነሳሉ። ሞለኪውሉ በራሱ «ፍጠን» ወይም «ቀስ በል» የሚል ትርጉም የለውም። ትርጉሙን የሚሰጠው ሕዋሱ ላይ ያለው ሪሰፕተር፣ ማለትም ኬሚካሉን የሚቀበለው ሞለኪውል ነው። ሪሰፕተሩ ከተለየ፣ ያው ኬሚካል እዚህ ነዳጅ ይሰጣል፣ እዚያ ፍሬን ይይዛል። ስለዚህ «ይህ ኬሚካል ምን ያደርጋል?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። በማን ልብ ላይ? በየትኛው ሕዋስ ላይ?

ልባቸው እንደኛ ልብ በራሱ ይመታል?

ይህ ጥያቄ ሁለት መልስ አለው፣ ሁሉም ነገር የሚለያየውም እዚህ ጋ ነው።

የክላም፣ የቀንድ አውጣና የኦክቶፐስ ልብ በዚህ በኩል ከእኛ ልብ ጋር ይመሳሰላል። ምቱ የሚነሳው ከጡንቻው ራሱ ነው። የክላምን ልብ አውጥታችሁ ተስማሚ የጨው ውሃ ውስጥ ብታንጠለጥሉት መምታቱን ይቀጥላል። ነርቮቹና ሆርሞኖቹ ምቱን ያስተካክሉታል እንጂ አይፈጥሩትም።

የሎብስተርና የሸርጣን ልብ ግን ጌታ አለው። ከልቡ ግድግዳ ላይ የተጣበቀ ትንሽ የነርቭ ቋጠሮ አለ፣ ካርዲያክ ጋንግሊየን ይባላል። በሎብስተርና በብዙ ሸርጣኖች ውስጥ በጠቅላላው 9 የነርቭ ሕዋሳት ብቻ ናቸው ያሉት። ዘጠኝ! አራቱ ትናንሽ፣ አምስቱ ትላልቅ። ትናንሾቹ አውራጅ፣ ትላልቆቹ ተቀባይ ናቸው ማለት ይቻላል፤ አውራጆቹ ምቱን ያነሳሉ፣ ተቀባዮቹ ያስተጋቡና ግሉታሜት በመልቀቅ ጡንቻውን ያኮማትሩታል። ግን አንድ ወገን ብቻ አይደለም የሚናገረው፤ ትላልቆቹም ወደ ትናንሾቹ ይመልሳሉ፣ ጡንቻውም ሲወጠር ቋጠሮው ይሰማዋል።

ይህን በግልጽ ያሳየው አንቶን ካርልሰን የሚባል ተመራማሪ ነው፣ በ1904። የተጠቀመበት እንስሳ ሊሙለስ ይባላል፤ በተለምዶ ሸርጣን ይሉታል፣ ዘመዶቹ ግን ሸረሪትና ጊንጥ ናቸው። ልቡ እንደ ቱቦ የረዘመ ነው፣ የነርቭ ቋጠሮው በላዩ ላይ ተጋድሟል። ካርልሰን ቋጠሮውን ላጥ አድርጎ ሲያነሳው ልቡ ቀጥ አለ። ጡንቻው ሳይነካ፣ ደሙ ሳይጎድል፣ ምቱ ጠፋ። በኋላ ደግሞ እሱና ባልደረባው የሊሙለስን ሽል ሲያዩ፣ ነርቩ ገና ሳይደርስ ልቡ በራሱ ሲመታ አገኙት። ጡንቻው ድሮ የነበረውን ችሎታ ካደገ በኋላ ለነርቭ ያስረክባል ማለት ነው። እኔን እስካሁን የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ታዲያ ይህ ለኬሚካሎቹ ምን ይለውጣል? ብዙ። በክላም ላይ ሆርሞኑ በዋናነት የሚያነጋግረው ጡንቻውን ነው። በሎብስተር ላይ ግን ሁለት አድራሻ አለው፤ ቋጠሮውና ጡንቻው። ቋጠሮው ላይ ከሠራ ምቱ ይፈጥናል ወይም ይዘገያል። ጡንቻው ላይ ከሠራ የእያንዳንዱ ምት ጉልበት ይቀየራል። ሁለቱም ላይ ከሠራ፣ እዚያ ላይ ነው ተመራማሪ ራሱን የሚያከው።

ኬሚካሎቹ ከየት ነው የሚወጡት?

በሸርጣንና በሎብስተር ዘንድ ዋናው ምንጭ ፐሪካርዲያል ኦርጋን የሚባለው ነው። ስሙን አትፍሩት፤ በልብ ዙሪያ ባለው ክፍተት ውስጥ የተዘረጋ የነርቭ ጫፎች መረብ ነው። ያገኘው አሌክሳንድሮቪች የሚባል ፖላንዳዊ ተመራማሪ ነው። በ1953 ስለ አካሉ ጻፈ፤ በዚያው ዓመት ከካርላይል ጋር ሆኖ ከዚህ አካል የተጨመቀው ፈሳሽ ልብን እንደሚያበረታ አሳየ።

ቦታው ላይ ትኩረት አድርጉ። ከጉሮሮ ስንጥቆቹ፣ ማለትም እንስሳው ኦክስጅን ከሚስብባቸው አካላት፣ ተመልሶ የሚመጣው ደም ወደ ልብ ክፍተቱ የሚገባበት መንገድ ላይ ነው የተቀመጠው። ልቡ ደግሞ ቀደም ብለን እንዳየነው ከዚያ ኩሬ ነው የሚጠጣው። ስለዚህ እዚያ የተለቀቀ ሆርሞን መጀመሪያ የሚያገኘው ልብን ነው፣ ከዚያ በኋላ ነው ከደሙ ጋር ወደ ሌላው አካል የሚረጨው።

ሁለተኛው ምንጭ ከዋናው የነርቭ ሥርዓት በቀጥታ ወደ ልብ ቋጠሮ የሚመጡ ነርቮች ናቸው። አንዱ ወገን ያፋጥናል፤ ለዚህ ዶፓሚን ይጠቀሳል። ሌላው ያዘገያል፣ እሱ ጋባን ነው የሚለቅቀው። ሦስተኛው ምንጭ ልቡ ራሱ ነው፣ ወደ ታች እናየዋለን።

እሺ፣ ስማቸውን ንገሩን፤ ዋናዎቹ እነማን ናቸው?

ከፔፕታይዶቹ ልጀምር፣ ምክንያቱም ታሪካቸው ይጣፍጣል።

ፕሮክቶሊን። አምስት አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። መጀመሪያ የተለየው ከባሕር እንስሳ ሳይሆን ከበረሮ ነው፣ በ1975፣ ብራውንና ስታራት በሚባሉ ሰዎች። 125,000 በረሮ ፈጅተው ያገኙት 180 ማይክሮግራም ነበር። ዛሬ በጥቃቅን ናሙና ሥራውን የሚጨርስ ሰው ይህን ሲሰማ ሳያዝንላቸው አይቀርም። ቆየት ብሎ ያው ሞለኪውል በሸርጣን ፐሪካርዲያል ኦርጋን ውስጥ ተገኘ። ለሎብስተር ልብ እጅግ በጥቂቱ ከተሰጠው ምቱን ያጠነክረዋል፣ ከቋጠሮው የሚወጣውን ምልክትም ያበረታዋል። ውጤቱ ቶሎ አይለቅም፣ ኬሚካሉ ከታጠበ በኋላም ቆየት ይላል።

ሁለተኛው ሲካፕ ነው። ሙሉ ስሙ «የክረስታሺያን (የሸርጣንና የሎብስተር ወገን) ልብ አነቃቂ ፔፕታይድ» እንደማለት ነው። ዘጠኝ አሚኖ አሲድ አለው፣ በ1987 ካርሲነስ ሜናስ ከሚባለው የአውሮፓ የባሕር ዳርቻ ሸርጣን ነው የተለየው። የዚህኛው ነገር ጉድ ነው። ስሙ የልብ ነው፣ ሥራው ግን ልብ ላይ አያበቃም። ሸርጣን ሲያድግ አሮጌውን ቅርፊት ጥሎ መውጣት አለበት፤ በዚያች ሰዓት ሲካፕ በብዛት ወደ ደም ይለቀቃል። ነፍሳትም በትክክል ያንኑ ሞለኪውል፣ አንድ ፊደል ሳይቀየር፣ ይዘዋል፤ እነሱም ዘንድ ቆዳ በመጣል ሥራ ውስጥ አለበት። መጀመሪያ የተገኘበት ቦታ ስም ሆኖ ቀረበት እንጂ ልብ ብቻ አይደለም ሥራው።

ከአሚኖቹ ሴሮቶኒን፣ ዶፓሚንና ኦክቶፓሚን ሦስቱም ከፐሪካርዲያል ኦርጋን ይወጣሉ፣ በሎብስተር ልብ ላይ በጠቅላላው አነቃቂዎች ናቸው። ኦክቶፓሚን ስሙን ያገኘው ከኦክቶፐስ ነው፤ ጣልያናዊው ቪቶሪዮ ኤርስፓመር በኦክቶፐስ የምራቅ ዕጢ ውስጥ ስላገኘው። ግን ተጠንቀቁ። ሴሮቶኒንና ኦክቶፓሚን ሁለቱም የሎብስተርን ልብ ያነቃቃሉ፤ ሎብስተሩ ውስጥ ሲወጉ ግን አቋሙን በተቃራኒ ይቀይሩታል። ሴሮቶኒን ሰውነቱን ያጣጥፈዋል፣ ኦክቶፓሚን ይዘረጋዋል። ልብ ላይ የተስማሙ ሰውነት ላይ ሊጣሉ ይችላሉ።

አሴቲልኮሊን ልብን ያዘገያል ብለን ነው የተማርነው። ልክ አይደለም?

አሴቲልኮሊን አንዱ ኒውሮትራንስሚተር ነው፤ ለሰው ልብ ያላችሁት ልክ ነው። ለክላምም በአብዛኛው ልክ ነው፤ የክላም ልብ ጥቂት አሴቲልኮሊን ሲያገኝ ይዳከማል፣ በዛ ካለ ላልቶ ይቆማል። እንዲያውም ስሜቱ ስስ ስለሆነ፣ ዘመናዊ መሣሪያ ባልነበረበት ጊዜ አሴቲልኮሊንን ለመለካት የክላም ልብ ራሱ እንደ መለኪያ ያገለግል ነበር።

ሸርጣንና ሎብስተር ላይ ስትሄዱ ግን ይገለበጣል። አሴቲልኮሊን ያፋጥናል። ምክንያቱ ከላይ ያልነው ነው፤ እዚህ የሚያነጋግረው የነርቭ ቋጠሮውን ነው፣ የሚያገኘውም ሪሰፕተር ሌላ ነው። የሸርጣንን ልብ የሚያዘገየው ጋባ ነው።

ይህ ግልበጣ በሁለት ዓይነት እንስሳ መካከል ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ እንስሳ ውስጥም አለ። አፕሊዥያ የሚባለው ትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ (የነርቭ ሕዋሳቱ ትላልቅ ስለሆኑ ተመራማሪ ሁሉ ይወደዋል) ኤል10 የሚባል አንድ የነርቭ ሕዋስ አለው። ይህ አንድ ሕዋስ የሚለቅቀው አሴቲልኮሊን ነው። ልብን የሚያነቃቃውን ሕዋስ ያስነሳል፤ በዚያው ጊዜ ልብን የሚያዘገዩትንና የደም ሥር የሚያጠቡትን ሕዋሳት ዝም ያሰኛል። አንድ ሕዋስ፣ አንድ ኬሚካል፣ ተቃራኒ ውጤት። በዚህ መልኩ ልቡ ብዙ ደም እንዲገፋ በአንዴ ሁሉም ይመቻቻል። የተነሳው አነቃቂ ሕዋስ በተራው ልቡ ላይ የሚለቅቀው ሴሮቶኒን ነው፤ የሚያዘገዩት ደግሞ አሁንም አሴቲልኮሊን ነው የሚለቁት። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህ ሁሉ በኤሪክ ካንደልና ባልደረቦቹ ሕዋስ በሕዋስ ተዘርዝሯል።

ሴሮቶኒን «የደስታ ሆርሞን» አይደል እንዴ? ክላም ውስጥ ምን ይሠራል?

«የደስታ ሆርሞን» የሚለውን አባባል እኔ አልወደውም፣ ለሰውም ቢሆን ነገሩን አቅልሎታል። ክላም ውስጥ ግን ሥራው ቀጥ ያለ ነው፤ ልብን ያነቃቃል። ከልብ ጡንቻው ሪሰፕተር ጋር ሲገናኝ ሕዋሱ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባል የውስጥ መልእክተኛ ይጨምራል፤ ምቱም ይጠነክራል፣ ይፈጥናል።

አንድ ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሰዎች ሴሮቶኒንን የሚያውቁት በደም ውስጥ የሚገኝ፣ የደም ሥር የሚያጠብ ነገር ብለው ነበር። ቤቲ ትዋሮግ የምትባል ወጣት ተመራማሪ በሃርቫርድ በጆን ዌልሽ ሥር ሆና የመስልን (የክላም ዘመድ ነው) ጡንቻ ታጠና ነበር። መስል ዛጎሉን ከድንጋይ ጋር አጥብቆ የሚይዝበት ጡንቻ አለው፣ አሴቲልኮሊን ያኮማትረዋል። የሚያላላውስ ምንድን ነው? ሴሮቶኒን ሆኖ ተገኘ። ይሄኔ ትዋሮግ አሰበች፤ እዚህ የነርቭ መልእክተኛ ከሆነ፣ የአጥቢ እንስሳት አንጎል ውስጥስ ለምን አይኖርም? ወደ ኢርቪን ፔጅ ቤተ ሙከራ ሄደች፣ የአንጎል ጭማቂ አዘጋጀች፣ መለኪያ አድርጋ የተጠቀመችው የክላምን ልብ ነበር። ልቡ ተነቃቃ። ሴሮቶኒን አንጎል ውስጥ እንዳለ በ1953 የታተመው በዚህ መንገድ ነው። ዛሬ በሴሮቶኒን ዙሪያ የተሠራው የአእምሮ ሕክምና መድኃኒት ሁሉ ሲነሳ የክላሙን ውለታ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

በነገራችን ላይ ሴሮቶኒን ለክላምና ለስካሎፕ ሲወጋ እንቁላላቸውንና ዘራቸውን ይለቃሉ፤ የሚያራቡ ሰዎችም ይጠቀሙበታል። እንደገና ያው ነው፣ ልብ ላይ አንድ፣ መራቢያ አካል ላይ ሌላ።

ኤፍማርፋማይድ ምንድን ነው? ስሙ ራሱ ያደናቅፋል።

ያደናቅፋል፣ እውነት ነው። ስሙ የአራቱ አሚኖ አሲዶች ምልክት ተደርድሮ የወጣ ነው። በ1977 ዴቪድ ፕራይስና ማይክል ግሪንበርግ ማክሮካሊስታ ኒምቦሳ ከሚባል ክላም የነርቭ ቋጠሮ ለዩት። ፍለጋቸው የጀመረው ቀላል ከሆነ ነገር ነው፤ የክላም ነርቭ ጭማቂ የክላምን ልብ ያነቃቃል፣ ግን ያነቃቂው ሴሮቶኒን ብቻ አልነበረም። የቀረውን ሲያሳድዱ ይህን አገኙ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጎርፍ ነው። በጫፋቸው እሱን የሚመስሉ ፔፕታይዶች በቀንድ አውጣ፣ በኦክቶፐስ፣ በሎብስተር፣ በነፍሳት፣ በዶሮ፣ ሰውን ጨምሮ በአጥቢዎች ሁሉ ተገኙ። ስለዚህ ኤፍማርፋማይድ አንድ ሞለኪውል ሳይሆን የአንድ ትልቅ ቤተሰብ በኩር ነው። ቤተሰቡ ደግሞ አንድ ባሕርይ የለውም። አንዳንዶቹ ልብን ያነቃቃሉ፣ አንዳንዶቹ ያዳክማሉ።

ልብ መፍጠኑና በኃይል መምታቱ አንድ አይደለም?

አይደለም፤ ይህን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። አንድ ልብ በደቂቃ የሚገፋው ደም የሁለት ነገር ብዜት ነው፤ ስንት ጊዜ መታ፣ በእያንዳንዱ ምት ስንት ደም ገፋ። ማዮሰፕሬሲን የሚባለው ፔፕታይድ ለሎብስተር ልብ ሲሰጥ ምቱ ይዘገያል፣ ግን እያንዳንዱ ምት ይጠነክራል። ታዲያ ይህ አነቃቂ ነው ወይስ አዳካሚ? የልብ ምት ቆጣሪ ብቻ የያዘ ሰው «አዳካሚ» ብሎ ይጽፋል። ጉልበቱን የለካ «አነቃቂ» ይላል። ሁለቱም ግማሹን ነው ያዩት።

ሌላም አለ። ከልቡ በሚወጣው በእያንዳንዱ አርተሪ መነሻ ላይ ጡንቻ ያለው ቫልቭ ተቀምጧል። እነዚህ ቫልቮች ራሳቸው ለነርቭና ለሆርሞን መልስ ይሰጣሉ፣ መልሳቸውም ከአንዱ ወደ አንዱ ይለያያል። አንዱ ጠበብ ሲል ደሙ ወደ ሌላው ያጋድላል። ስለዚህ በደም ውስጥ የሚሄድ ሆርሞን የልቡን ምት ሳይነካ እንኳ የትኛው አካል ብዙ ደም እንደሚያገኝ ሊቀይር ይችላል።

ኦክቶፐስ ለምን ሦስት ልብ አስፈለገው? ኬሚካሎቹስ?

ሁለቱ ልቦች ደሙን በጉሮሮ ስንጥቆቹ ውስጥ ይገፋሉ፣ ሦስተኛውና ዋናው ወደ ሰውነት። ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞሲያኒን የሚባል መዳብ ያለበት ፕሮቲን ነው፤ ደሙ ሰማያዊ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከሸርጣንና ከክላም በተለየ ደሙ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ነው የሚዞረው፣ ግፊቱም ከፍ ይላል።

በዋናው ልብ ላይ አሴቲልኮሊን በጥቅሉ ያዘገያል፣ ኖርአድሬናሊንና መሰሎቹ ያነቃቃሉ። እዚህ ላይ ከእኛ ልብ ጋር መመሳሰሉ ያስገርማል፣ ምክንያቱም የዘር ሐረጋችን ከተለያየ ከግማሽ ቢሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚህ በተጨማሪ ደም ወደ ልብ የሚመልሰው ትልቁ ደም ሥር ግድግዳ ላይ ፔፕታይድ የሚለቅ የነርቭ ጫፍ ተነጥፏል፤ ከሸርጣኑ ፐሪካርዲያል ኦርጋን ጋር አንድ ዓይነት ዘዴ ነው። ማን ገለጸው? ያው አሌክሳንድሮቪች፣ በ1960ዎቹ። ሰውዬው የት መፈለግ እንዳለበት ያውቅ ነበር።

ኦክቶፐስ ውሃ ተፍቶ ሲወነጨፍ ዋናው ልቡ ለጊዜው ሲቆም ታይቷል። መዋኘት ቶሎ የሚያደክመው፣ በእጆቹ መሄድ የሚመርጠውም በከፊል ለዚህ ነው ይባላል።

ልቡ ራሱ ዝም ብሎ ታዛዥ ነው?

አይደለም። ከላይ ሦስተኛ ምንጭ ያልኩት ይህ ነው። የሎብስተር የልብ ጡንቻ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሠራል። ጋዝ ስለሆነ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ በቀላሉ ያልፋል፣ ቋጠሮው ጋ ደርሶ ያረጋጋዋል፤ ምቱ ይቀንሳል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ቋጠሮው ጡንቻውን ያዛል፣ ጡንቻው ደግሞ በጋዝ «በቃ፣ ቀስ» ይላል። ናይትሪክ ኦክሳይድ በእኛ አካል ውስጥም በደም ሥር ሥራ ውስጥ ስላለ ብዙ ሰው ስሙን ያውቀዋል፤ እዚህ ግን የሚገርመው ታዛዡ አዛዡን መልሶ መቆጣጠሩ ነው።

ሸርጣን ሲደነግጥ ልቡ ይቆማል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ለአፍታ። ጥላ ሲያልፍበት ወይም ድንገት ሲነካ የብዙ ሸርጣኖች ልብ ለጥቂት ሰከንድ ፀጥ ይልና እንደገና ይቀጥላል። ይህን ያህል ፍጥነት በሆርሞን አይመጣም፤ ሆርሞን በደም እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። ይህ የነርቭ ሥራ ነው፣ ከላይ ያየነው ጋባ የሚለቅቀው አዘግዪ ነርቭ። ከድንጋጤው በኋላ እንስሳው መሮጥ ወይም መታገል ካለበት ግን ሆርሞኖቹ ተራቸው ነው፤ እነሱ ዘግይተው ይመጣሉ፣ ረዘም ላለ ጊዜም ይቆያሉ።

ልብ የሌላቸው የባሕር እንስሳትስ?

ጄሊፊሽ ልብ የለውም፣ ስፖንጅም የለውም። የባሕር ኮከብም በእውነተኛ ትርጉሙ ልብ አለው ለማለት ያስቸግራል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሉን ነገር የለም። ልብ ካላቸው መካከል ግን አንድ ልዩ አለ፤ ቱኒኬት የሚባለው፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ከረጢት መሳይ እንስሳ። ልቡ ደሙን ለተወሰነ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋና አቅጣጫውን ይገለብጣል። ይህ ከ1820ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። በሁለቱም ጫፍ ምት አመንጪ አለ፤ የሚመራው አንዴ ይሄኛው፣ አንዴ ያኛው ነው።

ይህን ሁሉ እንዴት ይለኩታል?

ሁለት መንገድ ነው ያለው፣ የሚሰጡትም መልስ አንዳንዴ አይገጥምም። የመጀመሪያው ልብን ነጥሎ ማውጣትና በጨው ውሃ ውስጥ ኬሚካሉን መጨመር ነው። ንጹሕ ነው፣ ምን በምን እንደመጣ ይታወቃል። ሁለተኛው ሙሉ እንስሳው ላይ መለካት ነው። በዛጎል ወይም በቅርፊት ላይ የምትለጠፍ ትንሽ የኢንፍራሬድ ብርሃን መቀበያ አለች፤ ልቡ ሲሰፋና ሲጠብ የሚመለሰው ብርሃን ይለዋወጣል፣ እንስሳውን ሳይቆርጡት ምቱ ይቆጠራል። በዚህ መንገድ መስል ዛጎሉን ሲዘጋ ልቡ እንደሚዘገይ፣ ውሃው ሲበከልም ምቱ እንደሚለወጥ ይከታተላሉ።

የማይገጥሙት ለምንድን ነው? ተነጥሎ በወጣ ልብ ላይ የቀረው ቋጠሮውና ጡንቻው ብቻ ነው። ሙሉ እንስሳ ላይ ግን ያው ሆርሞን ዋናውን የነርቭ ሥርዓትም፣ ቫልቮቹንም፣ ሌሎች ጡንቻዎችንም ያገኛል፣ እነሱም መልሰው ልቡን ይነካሉ። ስለዚህ «ፕሮክቶሊን ልብን ያፈጥናል» የሚል ነገር ስታነቡ መጀመሪያ ጠይቁ፤ በየትኛው እንስሳ፣ ተነጥሎ በወጣ ልብ ነው ወይስ በሕይወት በሚሄድ እንስሳ?

በሎብስተር የተገኘ ነገር ለሸርጣን ይሠራል?

አንዳንዴ። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፣ ቋጠሯቸውም ያው 9 ሕዋስ ነው፣ የፔፕታይዶቻቸው ስም ዝርዝርም በጣም ይመሳሰላል። ግን የሪሰፕተሩ ዓይነትና ብዛት ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ለክላምማ ጭራሽ አይታሰብም፣ ከምት አመንጪው ጀምሮ ሌላ ልብ ነው።